ሁለት ምሽትና አርባ ዓመት

ንጉሡን ያየሁት ጠዋት፣ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ማታ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ዘውድ ደፍቶ ያስለቀሰን ሰው፣ በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአልባሳት ሣጥን ወደ አውቶቡስ ጣሪያ እያቀበለ ስለ ጭነት ሒሳብ ከረዳቱ ጋር ይከራከር ነበር። ረዳቱ አላወቀውም። ንጉሡ ተሸነፈ፤ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ከፈለ፤ ከዚያ ሻይና ዳቦውን ቆሞ በላ። ከግራ ጆሮው ሥር ውኃ ያልደረሰበት ቡናማ ቀለም ቀርቶ ነበር። ልጅ ነበርኩ። ያን ቀለም በማየቴ አፈርኩ፤ ለማን እንዳፈርኩ ግን እስካሁን በቅጡ አላውቅም። ለእሱ ይሁን፣ ማታ ላፈሰስኩት እንባ ይሁን።

አውቶቡሱ ሄደ። ቡድኑ በቀጣዩ ከተማ፣ በሌላ አዳራሽ፣ ያንኑ ንግሥና ሊነግሥ ያንኑ ሞት ሊሞት ነው። የሰውየውን ስም ያኔ አልጠየቅሁም፤ በኋላ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ጋዜጣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከቀኑ ዘግይቶ ነበር፤ ስለ እኛ አዳራሽ የሚጽፍ ጋዜጣ ደግሞ ጭራሽ አልነበረም።

“ክፍለ ሀገር” የምንለው ቃል ሲያስቡት ይገርማል። የሀገር ክፍል ማለት ነው። አዲስ አበባም የሀገር ክፍል ናት፤ ግን “ክፍለ ሀገር ነኝ” ብላ አታውቅም። ክፍል የሚሆኑት ሌሎቹ ናቸው፤ እሷ ሙሉዋ ናት። “ከክፍለ ሀገር የመጣ” የሚባል ተዋናይ ገና ሳይናገር ግማሽ ሰው ይሆናል። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እንግሊዞችም ለንደንን አንድ ብለው የቀረውን ባንድ ቃል ጠቅልለው ይጠሩታል። በዚያ ጥቅል ውስጥ ብዙ ዕድሜውን ያሳለፈ አንድ ሰው አለ፤ የመናኸሪያውን ንጉሥ ባሰብኩ ቁጥር እሱ አብሮ ይመጣብኛል።

አይራ አልድሪጅ በ1807 ኒው ዮርክ ውስጥ ተወለደ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። አባቱ ገለባ እየሸጠ የሚተዳደር፣ በቤተ ክርስቲያንም የሚሰብክ ጥቁር ሰው ነበር። ልጁ የተማረው ለጥቁር ልጆች በተከፈተ ነጻ ትምህርት ቤት ነው። በ1821 ዊልያም ብራውን የሚባል የቀድሞ የመርከብ አስተናጋጅ በዚያው ከተማ የጥቁሮች ቴአትር አቋቁሞ ሼክስፒርን ማሳየት ጀመረ። ትልቁ የነጮች ቴአትር ይህን አልወደደውም፤ ፖሊስ ገባ፤ ተዋናዮቹ ታሰሩ። ሪቻርድ ሣልሳዊን የተጫወተ ጥቁር ሰው ያደረሰው ጉዳት ምን እንደነበር የሚያስረዳ ክስ ለማሰብ ሞክሬ አቅቶኛል። አልድሪጅ መድረክ የለመደው በዚያ ሰፈር ነው። በ1824 መርከብ ተሳፍሮ እንግሊዝ ገባ፤ በዓመቱ፣ ገና አሥራ ስምንት ሳይሞላው፣ በለንደን ምሥራቃዊ ሰፈር በአንድ ትንሽ ቴአትር የሼክስፒርን ጥቁር ጄኔራል፣ ኦቴሎን፣ ተጫወተ።

ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል በየከተማው ዞረ። በማርች 1833 የዘመኑ ዝነኛ ተዋናይ ኤድመንድ ኪን በለንደን በኮቨንት ጋርደን ቴአትር ኦቴሎን እየተጫወተ ሳለ መድረክ ላይ ወደቀ። የደገፈው ኢያጎን ይጫወት የነበረው የገዛ ልጁ ነው። ኪን በሜይ ወር ሞተ። ገና ሳይሞት ባዶውን ቦታ እንዲሞላ የተጠራው ያ ከክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነበር። አፕሪል 10 ወጣ፤ የኦቴሎን ሚስት ዴዝዴሞናን የተጫወተችው ኤለን ትሪ ነበረች። አፕሪል 12 ደገመ። ሦስተኛ ምሽት አልነበረም።

አዳራሹ አጨብጭቦለት ነበር። ያመሰገኑት ጋዜጦችም ነበሩ፤ ሌሎቹ ግን ስለ ትወናው ከመጻፍ ይልቅ ስለ ቆዳው ጻፉ፤ የአንዲት ነጭ ተዋናይት እጅ በጥቁር እጅ መያዙን እንደ ነውር ቆጠሩት። ፓርላማው በቅኝ ግዛቶቹ ባርነት ይቅር አይቅር እያለ የሚከራከርበት ዓመት ነው፤ ሕጉ የጸደቀው በዚያው ዓመት በኦገስት ነው። ከባርነት ትርፍ የሚበላ ሰው በለንደን ሞልቶ ነበር። በዚያ ላይ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከተማውን ይዞ ነበር። ቴአትር ቤቱ ከሁለተኛው ምሽት በኋላ መድረክ ላይ አላወጣውም።

እነዚህ ሁለት ምሽቶች ብዙ ወረቀት አፍርተዋል። በ2012 ሎሊታ ቻክራባርቲ የጻፈችው “ቀይ ቬልቬት” የተባለው ተውኔት ዋና ጉዳዩ እነሱው ናቸው። ስለ አልድሪጅ ሲነሣ ታሪኩ ወደዚያ ሳምንት ይጎተታል፦ መጣ፣ ተጫወተ፣ ተባረረ። እኔ ግን ሒሳቡ አይገባልኝም። ሰውየው አርባ ዓመት ከዚያም በላይ ተጫውቷል። በዓመት መቶ ምሽት ብቻ ብለን ብናስበው እንኳ ከአራት ሺህ በላይ ይሆናል። የሰውን ዕድሜ በሁለት ምሽት የምንለካው ለምንድን ነው?

መልሱ ቀላል ይመስለኛል፤ ጋዜጣው የነበረው ለንደን ነው። መጽሐፍ ይላካል፤ ሥዕል ይጫናል፤ የመድረክ ሥራ ግን እንደ ቡና ነው፤ የተፈላበት ቤት ነው የሚጠጣው። ለመጽሐፍ ማዕከል የሚባል ቦታ ሊኖረው ይችላል፤ የሚታተምበት ከተማ አለ። ለተዋናይ ግን ማዕከሉ ዛሬ ማታ የቆመበት ጣውላ ነው፤ ጣውላው የትም ይሁን። እኛ “ማዕከል” የምንለው የተሠራበትን ሳይሆን የተጻፈበትን ቦታ ነው። ያየና የጻፈ ሁለት የተለያየ ሰው ነው፤ ታሪክ ደግሞ የሚያውቀው የጻፈውን ነው።

ስለዚህ ያልተጻፈውን አርባ ዓመት ማሰብ ይኖርብናል። በየትልልቁ የእንግሊዝ ከተማ ቴአትር ቤት አለ፤ በቴአትር ቤቱ ደግሞ የራሱ ቋሚ ቡድን። ቡድኑ የታወቁትን ተውኔቶች በቃሉ ይዟቸዋል፤ አንዱ ሁልጊዜ አባት ነው፣ አንዱ ሁልጊዜ ክፉ ነው፣ አንዷ ሁልጊዜ ሞግዚት ናት። እንግዳው ተዋናይ በሠረገላ ይደርሳል። ጠዋት አንድ ልምምድ ይደረጋል፤ “እኔ እዚህ ጋ እቆማለሁ፣ አንቺ በዚያ ትገቢያለሽ” ይባላል፤ ማታ መጋረጃ ይከፈታል። ዛሬ ጠዋት የተዋወቃትን ሴት ማታ በቅናት አንቆ ይገድላል። በሳምንቱ ሌላ ከተማ ሌላ ሴት። ከክፍያው ዋነኛው ክፍል የሚገኘው የዚያን ዕለት ገቢ፣ ወጪው ተቀንሶ፣ ለተዋናዩ በሚሰጥበት ምሽት ነው፤ ስለዚህ ያን ምሽት ዝናብ እንዳይጥል ይጸለያል። ይህ ኑሮ ለአዝማሪዎቻችን እንግዳ አይደለም። ዘፈኑን ወደውለት ልጃቸውን የማይድሩለትን ሰው እናውቀዋለን። (አልድሪጅ ግን እንግሊዛዊቷን ማርጋሬት ጊልን ያገባው በለንደን መድረክ በጀመረበት ዓመት ነው፤ ትዳራቸው እስከ ሞተችበት እስከ 1864 ቆየ።)

በ1828 ኮቨንትሪ ላይ የሆነውን ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል። የከተማዋ ቴአትር ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሾመ፤ ሃያ ዓመቱ ነበር። ቀለሙ በኮቨንት ጋርደን ወንጀል ከመሆኑ ከአምስት ዓመት በፊት፣ አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ቁልፉን ሰጥታዋለች። የኮቨንትሪ ሰዎች ባርነት እንዲቀር ለፓርላማ አቤቱታ መላካቸውን ከእሱ ቆይታ ጋር የሚያያይዙት አሉ። እሱ ራሱ የአንድ ከተማ ቆይታውን ሲጨርስ መድረኩ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ስለ ባርነት የመናገር ልማድ ነበረው። መጋረጃ ከወረደ በኋላ፣ ተመልካቹ ገና ባርኔጣውን ሳያነሣ።

ይህን ስል ክፍለ ሀገርን ቅድስት ላደርጋት አይደለም። ለንደን በሯን ከፍታ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጭቃና ዝናብ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ይንከራተታል? ክፍለ ሀገርም ዋጋ ታስከፍላለች፤ ዋጋውም የትወናው ማስታወቂያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በማስታወቂያዎቹ ላይ አልድሪጅ የኒው ዮርክ ገለባ ሻጭ ልጅ አይደለም፤ “አፍሪካዊው ሮሲየስ” ነው (ሮሲየስ የጥንት ሮም ስመ ጥር ተዋናይ ነበር)፤ የሴኔጋል መስፍን የልጅ ልጅ ነው። በቁሙ ታትሞ በተሸጠለት የሕይወት ታሪኩ ላይም ይኸው ተረት አለ። ሰው መሆን ስለማይሸጥ ልዑል ሆነ። እኔ በዚህ ውሸት አልፈርድበትም። መድረክ ላይ ያለው ሚና መጋረጃ ሲወርድ ያልቃል፤ መስፍንነቱን ግን ማታም ቀንም ሲጫወተው ነበር የኖረው፤ የቱ እንደሚከብድ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሌላም አለ፤ ለእኔ የታሪኩ ከባድ ቦታ ይህ ነው። ቻርልስ ማቲውስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀልደኛ አሜሪካ ደርሶ ሲመለስ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ጥቁር ተዋናይ ሐምሌትን ሲጫወት አየሁ እያለ በመድረክ ላይ ያላግጥ ጀመር፤ ተዋናዩ በዚያ ታላቅ ንግግር መሐል ሳለ ተመልካቹ ስለ አንዲት የዛፍ እንስሳ የሚዘፈን የባሮች ዘፈን እንዲዘፍንለት ጮኸ፣ እሱም ሐምሌትን ትቶ ዘፈነ እያለ። ታሪኩ በአልድሪጅ ላይ ተለጠፈ። አልድሪጅ በማስታወሻው ላይ ሐሰት ነው ብሎ አስተባበለ። ነገር ግን ተመልካቹ ቀልዱን ሰምቶታል፤ ዘፈኑን ይጠብቃል። ምን አደረገ? ዘፈኑን በዝግጅቱ ውስጥ አስገባው። ሰዎቹ የመጡት ሊስቁበት ነው፤ እሺ ብሎ አሳቃቸው፤ ግን በዚያው ምሽት፣ በዚያው ትኬት፣ መጀመሪያ ኦቴሎን አሳያቸው።

የዚያን ዘመን ምሽት ረጅም ነበር። ትራጄዲው ካለቀ በኋላ አስቂኝ አጭር ተውኔት ይከተላል። አልድሪጅ ኦቴሎ ሆኖ ራሱን ከገደለ በኋላ ወደ ጓዳ ገብቶ ልብስ ይቀይርና “ዘ ፓድሎክ” በተባለው ጨዋታ ሙንጎ የሚባል ሰካራም አሽከር ሆኖ ይመለሳል። ያ ገጸ ባሕርይ ነጮች በጥቁር ለመሳቅ የፈጠሩት ነው። ጄኔራሉም እሱ፣ አሽከሩም እሱ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል፤ ተገደደ፣ ተዋረደ ይላል። ተገዷል፤ አልክድም። ነገር ግን የተመልካቹን ወንበር አስቡት። ከግማሽ ሰዓት በፊት ያስለቀሰህ ሰው አሁን ያስቅሃል። ለቅሶው እውነት ከነበረ አሽከሩ ጭምብል ነው ማለት ነው። ሙንጎን ብቻ ያየ ሰው “ጥቁር እንዲህ ነው” ብሎ ይሄዳል፤ ሁለቱን ያየ ግን እንዲህ ብሎ ለመሄድ ይቸገራል። ተውኔት በግእዙ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ሁለተኛ ሲደገም ነው ጨዋታነቱ የሚታወቀው። ይህን ትምህርት አንድ ሚና ብቻ በሚሰጥ ቦታ ማስተማር አይቻልም ነበር።

ደግሞ የቀለሙ ነገር አለ። ለጥቁር የተጻፉ ሚናዎች ሲያልቁበት ፊቱን ነጭ ቀብቶ ሻይሎክን፣ ማክቤዝን፣ ሪቻርድ ሣልሳዊን፣ ንጉሥ ሊርን ተጫወተ። በእንግሊዝ መድረክ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታይ የቆየውን “ታይተስ አንድሮኒከስ”ንም በአዲስ መልክ አስጽፎ፣ ክፉውን ጥቁር አሮንን ጀግና አድርጎ አወጣው። ነጭ ተዋናይ ለኦቴሎ ጥላሸት ሲቀባ ያንን ያህል ዘመን ማንም አልተደነቀም፤ የአልድሪጅ ነጭ ቀለም ግን ወሬ ሆነ። እኔን የሚያስገርመኝ የእኛ ጉዳይ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን ወደ አማርኛ ሲመልሰው አንድ ያልታሰበ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፦ በእኛ መድረክ ኦቴሎና ዴዝዴሞና አንድ ቀለም ናቸው። ታዲያ የሰውየው ባዕድነት የት ይግባ? ቀለሙ ሲወጣ የሚቀረው መጤነት ነው። ጦር ሜዳ ሲሆን የሚፈለግ፣ ሰርግ ላይ ሲመጣ “ማን ነው ወገኑ?” የሚባል ሰው። ይህን ሰው ለማወቅ ጥላሸት አያስፈልገንም።

በ1852 አልድሪጅ ባሕር ተሻግሮ ብራስልስ፣ ከዚያ የጀርመን ከተሞች ገባ። የፕሩሲያ ንጉሥ የወርቅ ሜዳይ ሸለመው፤ የሳክስ ማይኒንገን መስፍን በ1858 የክብር ኒሻን ሰጠው። ለንደንም ኋላ ላይ አስታውሳዋለች፤ በ1858 በላይሲየም፣ በ1865 በሄይማርኬት ኦቴሎን ተጫውቷል። ይህን መዝለል ተገቢ አይደለም፤ በሩ ለዘላለም አልተዘጋም።

በአውሮፓ ግን የተጫወተው በእንግሊዝኛ ነው። የቀረው ቡድን በጀርመንኛ፣ በኋላም በሩስኛ። ኦቴሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ኢያጎ በጀርመንኛ ይመልሳል። አንዱ የሌላውን ቃል አይረዳም፤ የሚጠብቀው የመጨረሻዋን ድምፅና የትከሻውን እንቅስቃሴ ነው። ተመልካቹስ? በግእዝ ቅዳሴ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አያቴ የቅዳሴውን ቃል በቃል ትርጉም ብትጠየቅ አታውቅም ነበር፤ መቼ እንደምትነሣ፣ መቼ እንደምትሰግድ፣ የቱ ዜማ ላይ ልቧ እንደሚሰበር ግን አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። የታወቀ ነገር ባልታወቀ ቋንቋ ሲነገር ጆሮ ከቃሉ አልፎ ሌላ ነገር ይሰማል። ታሪኩን አስቀድሞ የሚያውቅ የጀርመን ተመልካች ከአልድሪጅ አፍ የሰማው ሼክስፒርን አይደለም እላለሁ፤ ሰውየውን ነው።

በ1858 መጨረሻ ፒተርስበርግ ደረሰ። እዚያ በአንድ የቆንት ቤት ከዩክሬናዊው ገጣሚና ሠዓሊ ከታራስ ሼቭቼንኮ ጋር ተገናኘ። ሼቭቼንኮ ከመሬቱ ጋር የሚሸጥ ጭሰኛ ሆኖ የተወለደ፣ ነጻነቱ በ1838 በገንዘብ የተገዛለት፣ ከዚያም በግጥሙ የተነሣ ወታደር ተደርጎ አሥር ዓመት የተጋዘ፣ እንዳይጽፍና እንዳይሥል የተከለከለ ሰው ነው። ከግዞት ከተመለሰ ብዙ አልቆየም። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ የላቸውም። የቆንቱ ልጅ ካቲያ ታስተረጉምላቸው ነበር፤ ኋላም በማስታወሻዋ ጽፋዋለች። ሼቭቼንኮ በዲሴምበር የአልድሪጅን መልክ ሣለ። ሥዕሉ ዛሬም አለ። የመድረክ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ይዘፍናል፣ ሠዓሊውም በበኩሉ የሀገሩን ዘፈን ይዘፍንለታል። አንዱ ጥቁር በሚሸጥበት አገር የተወለደ፣ ሌላው ራሱ የተሸጠ፤ በመካከላቸው አንዲት ልጅ ቃል ለማቀበል ስትሮጥ። ስለ አልድሪጅ ትወና ከተጻፈው ሁሉ ይህችን ክፍል አብልጬ እወዳለሁ፤ ተመልካቿ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

ፒተርስበርግና ሞስኮ አልበቁትም፤ ወይም እሱ ለእነሱ አልበቃም፤ እንደገና ክፍለ ሀገር። ካዛን፣ ኦዴሳ፣ ሳራቶቭ፣ ፔንዛ። በእንግሊዝ የጀመረውን በሩስያ ጨረሰው። የሩስያ ጭሰኞች ነጻነት በታወጀበት በ1861 ዙሪያና ከዚያም በኋላ፣ ለነጻነቱ ገና አዲስ በሆነ ሕዝብ መሐል አንድ ጥቁር ሰው በየከተማው ሊር ሆኖ ሲያብድ አስቡት። ምን እንደተሰማቸው የጻፈው ጥቂት ነው። ያየው ግን ብዙ ነው።

የአሜሪካ እርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ፣ በልጅነቱ ወደ ተወው አገር ለመመለስ እየተሰናዳ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ያለች አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ውስጥ መጫወት ነበረበት፤ በጽሑፍ ሎድዝ ትመስላለች፣ ባለአገሮቹ ዉች ነው የሚሏት። ኦገስት 7 ቀን 1867 እዚያው አረፈ። ስድሳ ዓመት ከሞላው ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። መቃብሩም እዚያው በከተማዋ የወንጌላውያን መካነ መቃብር አለ። ከኒው ዮርክም ከለንደንም የራቀ ቦታ ነው፤ የመጨረሻው ጉዞ ላይ የነበረች አንዲት ከተማ።

ከሁለተኛ ሚስቱ ከስዊድናዊቷ አማንዳ የወለዳት ልጅ፣ በእናቷ ስም አማንዳ የተባለችው፣ አባቷ ሲሞት አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ነበር ዕድሜዋ። መድረክ ላይ ልታስታውሰው አትችልም። አድጋ ዘፋኝ፣ የሙዚቃ ደራሲና የድምፅ አስተማሪ ሆነች። በ1930 ጥቁር አሜሪካዊው ተዋናይ ፖል ሮብሰን ለንደን ውስጥ በሳቮይ ቴአትር ኦቴሎን ለመጫወት ሲዘጋጅ አነጋገሩን ካሠለጠኑት አንዷ እሷ ነበረች። አባቷ ኦቴሎ ሲሆን በጆሮው ያደርጋቸው የነበሩትን የወርቅ ጉትቻዎች አውጥታ ሰጠችው። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆዩ ጉትቻዎች ናቸው፤ ለሴትየዋ አባቷ ማለት ምናልባት እነሱ ነበሩ። ሮብሰን ጉትቻዎቹን ተቀበለ፤ ከዚያ ወደ ልምምዱ ተመልሰው ይሆናል።